ደራሲዋ የረሳቻት አራተኛ ልጅ

ልብስ ሰፊዋ ስድስቱን መጻሕፍት በዓይኗ ያየቻቸው በሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ያመጣላት የመጨረሻ ልጇ ነበር፤ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ በሲባጎ ታስረው አገኛቸውና ብብቱ ሥር ሸጉጦ መጥቶ የስፌት ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፋቸው። «እማ፣ ስታወሪልን የኖርሽው እነዚህን አይደል?» አላት። ሽፋናቸው ደብዝዟል፤ የአንደኛው ጀርባ በሌላ ጨርቅ ተጠግኗል። ስማቸው ግን ይነበባል፦ «የወፍጮ ቤቱ እህትማማቾች»፣ ከአንድ እስከ ስድስት።

በእሷ ቤት እነዚህን መጻሕፍት የማያውቅ የለም፤ ያነበባቸው ግን አንድም ሰው የለም። ሰፊዋም ራሷ አላነበበቻቸውም፤ ተነበቡላት እንጂ። በዘጠኝ ዓመቷ የግራ ዳሌዋ አጥንት ታሞ ከወገቧ እስከ ግራ ቁርጭምጭሚቷ በጀሶ ታሽጋ ዓመት ተኩል ተኛች። ፊደል ገና አልቆጠረችም ነበር። እትዬ የምትላት ታላቅ እህቷ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤቷ ቤተ መጻሕፍት አንዱን ቅጽ ትዋስና፣ ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ደብተሯን ወርውራ፣ አልጋው ግርጌ ያለው ሳጥን ላይ ተቀምጣ ታነብላታለች። ባለወፍጮው አምስት ሴቶች ልጆች አሉት። የመጀመሪያዋ ኩሩ፣ ሁለተኛዋ አልቃሻ፣ ሦስተኛዋ ሆዳም፣ አምስተኛዋ ነገር አመላላሽ ናት። አራተኛዋ ታነክሳለች። የተኛችው ልጅ ጆሮዋን ለሁሉም ሰጠች፤ ልቧን ግን ለአራተኛዋ።

አራተኛዋ በሁለተኛው ቅጽ መጨረሻ ላይ ለሕክምና ሩቅ አገር ወዳለች አክስቷ ትሄዳለች። በሦስተኛው ቅጽ በጋሪ ትመለሳለች፤ ኋላም የስፌት መኪና ታገኛለች። መስኮት ሥር ተቀምጣ በአንድ እግሯ ፔዳል እየመታች የመንደሩን ሴት ሁሉ ታለብሳለች። የዳኛውን ሚስት «ወገብ የሚለካው በሜትር እንጂ በማዕረግ አይደለም» ብላ ኩም ታደርጋታለች። በስድስተኛው ቅጽ የታላቅ እህቷን የሠርግ ቀሚስ ትሰፋለች።

ጀሶው ተፈትቶ፣ ግራ እግሯ ከቀኙ በሁለት ጣት አጥሮ ስትነሳ፣ ልጅቷ የምትፈልገውን ታውቅ ነበር። ትምህርቷን እስከ ስምንተኛ ክፍል ገፋችና መርፌ ያዘች። አገባች፣ ሦስት ወለደች፣ ባሏን ቀበረች፤ ይህ ሁሉ ሲሆን መኪናዋ አልቆመም። ዛሬ የቤቷ የፊት ክፍል ሦስት መኪና፣ አንድ ሰፊ መስኮትና በየሚስማሩ የተሰቀለ የወረቀት ልኬት ነው። እሷ የሰፋችውን ሳትለብስ ያገባች ሴት በሰፈሩ በባትሪ ብትፈለግ አትገኝም። ተለማማጅ ስፌት ስታጣምም «አራተኛዋ ባየችሽ!» ትላለች። ደንበኛ ሲያናድዳት መቀሱን አስቀምጣ «አራተኛዋ በተቆጣ እጅ ጨርቅ አትቆርጥም» ትላለች። ደንበኞቿ አራተኛዋ የምትባለው ከዘመዶቿ አንዷ ትመስላቸዋለች።

እናም ማንበብ ጀመረች፤ በምሳ ሰዓት፣ ካውያው እስኪግል፣ ለልኬት የተቀጠረችው እስክትመጣ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጾች ልክ እንደምታውቃቸው ነበሩ። ሆዳሟ ማር ልትሰርቅ ወጥታ ከጣሪያ የወደቀችበት ጋ ስትደርስ ብቻዋን ስቃ ተለማማጆቿን አስደነገጠች። አራተኛዋ ከአክስቷ ጋር ሄደች። ሰፊዋ ሦስተኛውን ከፍታ ጋሪው እስኪመጣ ጠበቀች። ጋሪው ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ መጣ። የተቀመጠበት ግን ዱቄት ሊገዛ የመጣ ነጋዴ ነበር።

ትንሽ ቆይታ ትመጣለች ብላ አለፈችው። በአራተኛው ቅጽ ስሟ እንኳ አልተነሳም። በአምስተኛው እናትየዋ ታማ ልጆቿ ሁሉ አልጋዋን ሲከቡ «ያቺስ ልጅ?» ያለ የለም። ሰፊዋ ገጽ ጎድሎ ይሆናል ብላ ቁጥሩን አንድ በአንድ አየች። ሰፊ ናትና ጥራዙንም ገልብጣ ክሩን መረመረች፤ አንድም ቦታ አልተበጠሰም። በስድስተኛው፣ በሠርጉ ዕለት፣ «አራቱ እህትማማቾች ተቃቅፈው ቆሙ» ይላል። ቀሚሱም ከከተማ ከታወቀ ሱቅ የመጣ ነበር። ከልጅቷ መጥፋት ይልቅ ያንገበገባት ይኼ ነው። የተሰፋ ገዙ!

ደራሲዋ ልጅቷን አክስቷ ቤት ሰዳ ረስታታለች። ከዚያ የመለሳት አንድ ሰው ብቻ ሊሆን ይችላል። ሰፊዋ ይህ ሲገባት መጀመሪያ ሆዷ ራራ፤ እትዬ መጽሐፉ ላይ የሌለ እያነበበች ያንን ሁሉ ቀን እንዴት ዘለቀችው? ወዲያው ግን አንድ የቆየ ቃል ከተኛበት ተነሳ። በጀሶው ዘመን እናታቸው ከመጋረጃው ማዶ ለጎረቤት፣ «ይቺ ልጅ ቁጭ ብላ የምትሠራው ሥራ ካልተገኘላት ምን ይውጣት ይሆን?» ስትል ሰምታ ነበር።

እንግዲህ ተመካክረውብኛል፣ አለች በልቧ። ለአንካሳ የሚሆን ሥራ መረጡልኝና በመጽሐፉ አፍ አስነገሩኝ። አርባ ምናምን ዓመት «እኔ የወደድኩት» ስትል የኖረችው ሌሎች የወደዱላት ሆኖ ታያት። ሦስት ቀን ሙሉ የአንዲት ሙሽራ ነጭ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ መቀስ አላረፈበትም።

ቅዳሜ እትዬ መጣች። ከፖስታ ቤት ጡረታ ከወጣች ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ቁልፍ ትተክላለች፤ ዓይኗ ደህና ነው፣ ምላሷም እንደዚያው። ሰፊዋ ተለማማጆቹን ክር እንዲገዙ ወደ ገበያ ላከቻቸውና በሩን ገርበብ አደረገችው።

«እትዬ፣ የወፍጮ ቤቱን የመጀመሪያ ልጅ የሠርግ ቀሚስ የሰፋው ማን ነው?»

«አራተኛዋ ናታ።» እትዬ ቀና እንኳ አላለችም።

«ከሱቅ ነው የተገዛው። ያውልሽ፣ አንብቢው።»

እትዬ መጽሐፉን አየችው፤ አልነካችውም። መነጽሯን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አኖረች። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ይኼኛው አርባ ሰባት ዓመት አደረ» አለችና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ሰፊዋ አለመሳቋን ስታይ ግን መናገር ጀመረች። ደራሲዋ ልጅቷን ረስታት እሷ ምን ታድርግ? በሦስተኛው ቅጽ የመጀመሪያ ቀን «አራተኛዋስ?» ስትባል ነገ ትመጣለች አለች፤ በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን የተኛችው ልጅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና አልሰማም አለች። በዚያን ዕለት ጋሪው ላይ ያለውን ነጋዴ አወረደችና ልጅቷን ጫነቻት። የዳኛው ሚስት ደግሞ ከየትም አልመጣችም፤ የትምህርት ቤታቸው ዳይሬክተር ናት።

«እሱን አልጠየቅኩሽም» አለች ሰፊዋ። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። «እማዬ ናት እንዲህ በያት ያለችሽ?»

እትዬ የክሩን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለችው፣ ፈታችው።

«ብላኛለች» አለች።

ሰፊዋ አንገቷን ደፋች።

«ስፌት ግን አላለችም። ቴሌፎን ነው ያለችው።»

እናታቸው የስልክ መሥሪያ ቤት ጽዳት ነበረች። ወለሉን ስትወለውል፣ ጥሪ የሚያገናኙት ሴቶች ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ወንበር ላይ ተደላድለው፣ ወር ጠብቀው ሲከፈላቸው ታያለች። ለአንካሳ ልጇ ያንን ወንበር ተመኘች፤ ትልቋንም «እግረ መንገድሽን አስወድጃት» አለቻት። እትዬ እንደታዘዘችው በወፍጮው መንደር ስልክ ዘረጋች። አራተኛዋን ሁለት ሳምንት ሙሉ ማዳመጫ አስደፍታ «ሃሎ» አሰኘቻት።

«አንቺ ታንኮራፊያለሽ» አለች እትዬ። «መድኃኒት ቤት አስገባኋት፤ እሱም እንቅልፍ። አንድ ቀን እንዲያው ለመሙላት ያህል የእህቷን ቀሚስ ወገብ አጠበበች አልኩ። በምን ዓይነት ክር አልሽ። መርፌው ከላይ ነው ከታች የሚገባው አልሽ። ፔዳሉን በአንድ እግር መምታት ይቻላል አልሽ። እኔ ምኑን አውቄ! ትምህርት ቤታችን አጠገብ አንድ ሽማግሌ ሰፊ ነበሩ፤ ለአንቺ ጥያቄ መልስ ፍለጋ በራቸው ላይ ስቆም ሥራ ፈት ተባልኩ። በተቆጣ እጅ ጨርቅ አይቆረጥም የሚሉት እሳቸው ናቸው። እማዬ የሰማች ዕለት ጆሮዬን ይዛ፣ ልጄን መርፌ ልታስይዣት ነው? ብላ ልትነቅለው ነበር።»

ሰፊዋ እህቷን ትክ ብላ አየቻት። ፊቷ ላይ የተደበቀ ነገር ፈለገች፤ ያገኘችው የለመደችውን ፊት ነው።

«አሁን የምትይኝንስ እየፈጠርሽ እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ?»

«አታውቂማ» አለች እትዬ። «ዓመት ተኩል ሙሉ ስዋሽሽ ከርሜ ዛሬ እመኚኝ ብልሽ ማን ይሰማኛል?»

ውጭ አንድ ሰው ብስክሌት እየገፋ አለፈ። ሰፊዋ ጠረጴዛውን ተደግፋ እንደቆመች የጀሶው ክብደት ታወሳት፤ የሚያሳክከው፣ የሚሞቀው። ግራ እግሯ እንደ ግንድ ተጋድሞ ቀኙ ግን ነፃ ነበር። እትዬ አንብባ ከወጣች በኋላ፣ በብርድ ልብሱ ሥር፣ የአልጋውን ግርጌ ብረት በቀኝ እግሯ ጫፍ ትጫን ነበር፤ ወደ ታች፣ ለቀቅ፣ ወደ ታች፣ ለቀቅ። አልጋው ሲንቋቋ እናቷ «ልትሰብሪው ነው እንዴ!» ትላለች። ይህን ለእትዬ ነግራት አታውቅም። ያስለመዳትም ሰው አንድም የለም።

አሁንም አልነገረቻትም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና የቁልፉን ቆርቆሮ ወደ እህቷ ገፋችላት።

«ቴሌፎኑን ብወደው ኖሮ» አለች፣ «ይሄኔ እንደ አንቺ ጡረታዬን እየበላሁ በሰው ቤት ቁልፍ እተክል ነበር።»

«እማዬም ያለችው ይሄንኑ ነው» አለች እትዬ፣ መነጽሯን እየመለሰች።