ጽዋውን ልመልስ የወጣሁ ቀን

ከጀሞ ኮንዶሚኒየም ማለዳ ስነሳ የያዝኩት በፌስታል የከተትኩት አንድ የሸክላ ጽዋ ብቻ ነበር። መድረሻዬ ቁስቋም፣ ከእንጦጦ ሥር ነው። እናቴ ለሠላሳ ዓመት ያህል እዚያ የማርያም ማኅበርተኛ ናት። ማኅበሩ ወር በገባ በሃያ አንድ ይሰበሰባል። ተረኛው ደግሶ፣ አብልቶ አጠጥቶ፣ ጽዋውን ለቀጣዩ ያስረክባል። ባለፈው ወር የተቀበለችው እናቴ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ግን ጉልበቷ ከዳት። የምንኖረው ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱን እስካሁን በወሬ ነው የምናውቀው።

"ለጋሽ ደጀኔ መልሽልኝ፤ ስሜንም ይሰርዙት" አለችኝ። "ማርያም ታውቃለች። ቅዳሴውን በስልክ እሰማለሁ።"

ይህን ስትል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። ማልቀሷን አውቄያለሁ፤ ግን አልተከራከርኳትም። እንዲያውም ትንሽ ቀለል አለኝ። ሥራዬ የደንበኞችን ስልክ መመለስ ነው። ቀኑን ሙሉ "ምን ልርዳዎት?" ስል እውልና ማታ ለእናቴ የሚተርፍ ቃል አይኖረኝም። ታዲያ ማንን ይዤ ልደግስ? ፊት ለፊታችን ያለው በር የማን እንደሆነ እንኳ ሦስት ዓመት ኖሬ አላውቅም።

አዲሱ ገበያ

ከጀሞ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ፒያሳ፣ ከፒያሳ አዲሱ ገበያ። መንገዱ ሰፍቷል፣ አምሯል፤ ሰልፉ ግን ያው ነው። ሁለተኛው ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ በስልኳ ስብከት ትሰማለች። አንዲት እናት ሕፃን አዝላ፣ ዘንቢል አንጠልጥላ በሩ ላይ ስትታገል ሁላችንም አየናት፤ ሁላችንም ወደየስልካችን ተመለስን። ሰባኪው ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር የሚናገረው። በመጨረሻ ረዳቱ "ኧረ ተቀበሏት እንጂ!" ሲል ዘንቢሉን ተቀበልኩ። ውስጡ ጎመንና አንድ ጥንድ የሕፃን ጫማ ነበረበት።

አዲሱ ገበያ ስወርድ የጎሚስታው ድምፅ፣ የተቆላው ገብስ ሽታ፣ ግፊያው ሁሉ ተቀበለኝ። ሰፈራችን ሳይፈርስ በፊት ያደግኩት እዚህ ነው። ለዳገቱ ብዬ የሃያ ብር ቆሎ ገዛሁ። ሻጯ ትክ ብላ አየችኝና "የእትዬ አስካለ ልጅ አይደለሽም? በአፍንጫሽ አወቅሁሽ" አለች፤ ምርቃት ጨመረችልኝ። በአፍንጫዬ የሚያውቀኝ ሰው ካገኘሁ ቆይቻለሁ።

ዳገቱ

ከዚያ በእግር። ዳገቱ ወንበር ላይ የከረመ ሰው አይወድም፤ ቶሎ ቶሎ መቆም ጀመርኩ። ከባሕር ዛፉ ሥር እንጨት የተሸከመች ሴት ሸክሟን ድንጋይ ላይ አስደግፋ ታርፋለች። ኤርፎን ጆሮዬ ላይ ስለነበር ስትጣራ የሰማኋት ዘግይቼ ነው።

"እህቴ፣ እባክሽ አሸክሚኝ።"

ሸክም ያሳረፈ ሰው ብቻውን አይነሳም፤ አላፊ አግዳሚው ያሸክመዋል። ጉለሌ አድጌ ይህን ረስቼው ኖሯል። ፌስታሌን መሬት አስቀምጬ እንጨቱን ስደግፍላት የጽዋው አፍ ብቅ አለ።

"ጽዋ ነው እንዴ? ብቻሽን? ሸኚዎችሽስ?"

"የለኝም። ልመልሰው ነው።"

"ጽዋ ይመለሳል እንዴ?" አለች፤ እንደ ነቀፋ ሳይሆን ግራ እንደገባው ሰው። "በይ፣ እመቤቴ ትሸኝሽ።"

ቁልቁል ወረደች። እኔ ኤርፎኑን ኪሴ ከተትኩ። ቅጠሉ ይንሿሿል፤ ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ዜማ ይሰማል። ብዙ ጊዜ ጸልዬ ስለማላውቅ ቃሉ ጠፋኝ፤ በቃ "እናቴን" አልኩ። ሌላ አልጨመርኩበትም።

ቁስቋም

የማኅበሩ አስተባባሪ ጋሽ ደጀኔ ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። እናቴ መደገስ እንደማትችል በስልክ ሰምተው በእሷ ፈንታ ዝክሩን ሊያወጡ ስለነበር ማኅበርተኛው እሳቸው ቤት ተሰብስቧል፤ ድፎው ቀርቧል፣ ጠላው ተጠምቋል። ፌስታሌን ሳቀብላቸው እትዬ ጥሩነሽ፣ የእናቴ የድሮ ጎረቤት፣ አፋቸውን ያዙ።

"ጽዋን በፌስታል? አስካለ ጎመን ነው እንዴ የላከችልን?"

"ደግሞ ባዶውን!" አሉ ሌላዋ። በዚህ ማኅበር ጽዋ ባዶውን ከቤት አይወጣም።

"በሳሙና አጥቤዋለሁ" አልኩ፤ ይባስ ብሎ ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ስሜን ይሰርዙት ማለቷን ነገርኳቸው።

"እንዳለችው ንገሪኝ፣ ምሕረት" አሉ ጋሽ ደጀኔ።

"ቅዳሴውን በስልክ እሰማለሁ አለች።"

"እሷንስ ማን ይሰማታል?"

ዕንባዬ መጣ። እትዬ ጥሩነሽ በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ፤ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ግን ደስ አለኝ።

"ጥፋቱ የእኛ ነው" አሉ ጋሽ ደጀኔ። "ድሮ ጽዋ የሚሸኘው እስከ ቤት ነበር። ሰፈሩ ሲበተን እስከ ታክሲ ተራ ብቻ እየሸኘን መመለስ ጀመርን። በሉ ተነሱ። ጽዋ የተቀበለ ቤት ያጠጣል።"

"ጋሼ፣ አራተኛ ፎቅ እኮ ነው! እርስዎም ያልብዎታል፣ ይደክማሉ" አልኩ።

"ጌታ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ስትሰበሰቡ አለሁ አለ። አራተኛ ፎቅ አልወጣም አላለም።"

መልስ

ድፎውን በሰፌድ፣ ጠላውን በጀሪካን አድርገን ሚኒባስ በኮንትራት ያዝን። እትዬ ጥሩነሽ ጽዋውን ሞልተው፣ በንጹሕ ነጠላ ሸፍነው ጭናቸው ላይ ይዘውታል።

"ሰርግ ነው?" አለ ሹፌሩ።

"ማርያም ናት። ጉድጓድ ስታይ ቀስ በል" አሉት እትዬ ጥሩነሽ።

ሹፌሩ ሙዚቃውን ዘጋ። ከጉለሌ እስከ ጀሞ እየዘመሩ ሄዱ፤ እኔም የማውቀው ቦታ ላይ ስደርስ እጨምራለሁ።

ደረጃው ላይ በየፎቁ ዐረፉ። አንዱ ጉልበቱን ያሻል፣ አንዷ ትስቃለች፣ መዝሙሩ ግን አልቆመም። በሮች ይከፈቱ ጀመር። አራተኛ ፎቅ ስንደርስ ያ ፊት ለፊታችን ያለው በር ተከፈተና አንዲት ሴት ብቅ አለች።

"ሰናይት እባላለሁ" አለችኝ። "ብርጭቆ ይበቃችኋል? ወንበርስ?"

እናቴ መዝሙሩን ከምድር ቤት ጀምሮ ሰምታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የበሩን መቃን ይዛ ቆማለች።

"መልሽ አልኩሽ እንጂ አምጪ አልኩሽ?" አለችኝ። ዕንባዋ እየወረደ ነው የምትቆጣኝ። እትዬ ጥሩነሽ አቀፏት፤ ለረጅም ጊዜ አልተላቀቁም።

ቤታችን እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም። የሰናይት ወንበሮችም አልበቁም፤ ሰው አልጋ ላይ ተቀመጠ። አብረውን የመጡት የማኅበሩ ካህን ድፎውን ባርከው ቆረሱ፤ እናቴ በወጉ፣ ቁጭ ብላ፣ ሁሉንም አጠጣች።

ከጉዞው ምን ተማርሽ ለሚለኝ፣ አዲስ ነገር አልተማርኩም። ሰው ከእግዚአብሔርም ከሰውም የሚርቀው ተጣልቶ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ላለማስቸገር እያለ፣ በጨዋ ደንብም ይርቃል። እናቴ ማኅበሩን ላለማስቸገር፣ ማኅበሩ እናቴን ላለማድከም፣ እኔ ደግሞ ሁሉንም።

በመጨረሻ ጋሽ ደጀኔ ጽዋውን አነሡ። "ቀጣይ ተረኛ ማነው?" አሉ። እኔ ብድግ ብዬ ፊታቸው ተንበረከክሁ።

እናቴ ደንግጣ ክንዴን ያዘች። "ምሕረት፣ ትችዪዋለሽ?"

"ብቻዬን አልችልም፣ እማዬ" አልኳት። "ታሸክሙኛላችሁ።"

እጆቼንም ዘረጋሁ።