የአያ ኦኬ

አያ የምንለው የእናቴ ታላቅ ወንድም ዕድሜውን ሙሉ አይከል ከተማ አጠገብ ሲያርስ የኖረ ሰው ነበር። ከእንግሊዝኛ የሚያውቃት ቃል «ኦኬ» ብቻ ነበረች፤ እሷን ግን የማያስገባበት ቦታ አልነበረም። ጎንደር ካለው መሥሪያ ቤቴ ስደውልለት «ኦኬ፣ ደኅና ነሽ ልጄ?» ብሎ ይጀምራል። የተጣሉ ጎረቤቶች ሲያስታርቅ ሁለቱም «ኦኬ» ካላሉ ከተቀመጠበት አይነሣም።

«አያ፣ ለሁሉም ነገር ኦኬ ይባላል እንዴ?» ብዬ ስስቅበት፣ «ምነው፣ ሸጋ ቃል አይደለች?» ይለኛል።

እርሻ ውሎ በሬዎቹን ከቀንበር ሊፈታ ሲልም ጀርባቸውን መታ መታ እያደረገ «ኦኬ!» ይላቸው ነበር።

አያ ዐርፎ አርባው ከወጣ በኋላ፣ ወደ ጎንደር ሳልመለስ፣ የበኩር ልጁ በእነዚያው በሬዎች ሲያርስ ምሳ ይዤለት ሄድኩ። ከማሳው ዳር ቆሜ በስልክ ስነጋገር ቆየሁና በመጨረሻ «ኦኬ» አልኩ። በሬዎቹ ቀጥ አሉ። ልጁ ጅራፉን ቢያጮህም ንቅንቅ አላሉም፤ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ቀንበሩን የሚያወርድላቸውን ሰው ጠበቁ።

ልጁ ዞሮ አየኝ። ከዚያ የጀመረውን ትልም ሳይጨርስ፣ ጀርባቸውን መታ መታ አድርጎ ፈታቸው።