ሳሎናችን ውስጥ የከረመው ጆተኒ

ጆተኒው ከአርብ ገበያ በአይሱዙ ተጭኖ ንፋስ መውጫ እቤታችን ሲገባ፣ እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ እነጫነጭ ነበር። የአጎቴ ንብረት ነው፤ ገበያው ዳር ሸራ ወጥሮ ወጣቱን ሲያጫውትበት የኖረ የጠረጴዛ ኳስ። ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ ሰውም ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደየቤቱ መከተት ሲጀምር፣ «አገሩ እስኪረጋ እናንተ ዘንድ ይቀመጥልኝ» አለና ከነእግሩ አምጥቶ ሳሎኑ መሀል ገተረው። ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፋነው። ከዚያ ወዲያ እቤታችን የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው በብረት ዘንግ ላይ የተሰኩትን ቀይና ሰማያዊ ሰዎች ሆነ። እኔን ሲያስጠሉኝ ለጉድ ነው። እጅ የላቸውም፤ ፊታቸውም ተፍቆ አልቋል።

እናቴ ግን ስለቷ የሠመረላት ሴት ሆነች። በዚያ ሰሞን የሰፈሩ ወጣት እየሳሳ ነበር። አንዱ ጫካ ገባ ይባላል፤ አንዱ በመተማ በኩል ድንበር ተሻገረ ይባላል፤ አንዱ ደግሞ ባትሪ ሊገዛ እንደወጣ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። ስልክ የለ፣ መንገድ የለ፣ የሚጠየቅ የለ። ታናሽ ወንድሜ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሳይጨርስ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶበት እቤት የዋለ፣ መዋል ደግሞ የማይሆንለት ልጅ ነበር። እናቴ ሌት ተቀን የምትፈራው አንድ ነገር ነው፤ እሱም ወጥቶ እንዳይቀር። ስለዚህ ጆተኒውን ልጇን አስሮ የሚያውልላት ዕቃ አድርጋ ተቀበለችው።

ዓይኖቿን ሞራ ስለጋረዳት ቀኑን ሙሉ ጓዳ ካለው መደብ ላይ ትቀመጣለች። እኔ በጩኸቱ ራሴን ሲያመኝና «ኧረ ቀስ በሉ! ቤቱን በላያችን ልታፈርሱት ነው?» ስል፣ እሷ ከውስጥ «ተዪአቸው፤ ድምፁ ካለ ልጄ አለ» ትለኛለች።

አጎቴ ሲሄድ አንድ ካቻቢቴና ያረጀ ፒንሳ እጄ ላይ አስቀምጦ «ይላላል፤ ጠዋት ጠዋት እዪው» አለኝ።

«እኔ?»

«ወንድምሽማ ማፍረስ እንጂ መጠገን የት ያውቃል!»

የምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ቀን ተከፍቶ ሌላ ቀን ስለሚዘጋ ሥራ ፈት ነበርኩ። እንዲህ ሆኖ ነው ሳላስበው የጆተኒ መካኒክ የሆንኩት። ጠዋት ወንድሜ ተኝቶ ሳለ ዘንጎቹን አንድ በአንድ እያዞርኩ፣ የላላውን ብሎን አጠብቃለሁ። መሀል ላይ የሚቆመው ቀይ ሰውዬ አስቸጋሪ ነበር። ወንድሜ ሁልጊዜ ቀዩን ነው የሚይዘው፤ አመታቱም በዚያ በመሀለኛው ነው። ጠዋት አጥብቄው በማግስቱ ሲወዛወዝ አገኘዋለሁ። ከብሎኑ ሥር ሮንዴላ ጨመርኩለት፣ ክር ጠመጠምኩለት፣ አልሆነም።

«እታለም፣ እንዲህ በዘይት ተነክረሽ ማን ሊያገባሽ ነው?» ይለኛል ወንድሜ ሲነቃ።

«አንተን ስጠብቅ ማን አይቶኝ ያግባኝ!» እለዋለሁ። ይስቃል። ያን ጊዜ ገና ይስቅ ነበር።

ኳስ የሚለቀው እጀታ በሞላ ነው የሚሠራው። ስትስበው ኳሶቹ ይወርዳሉ፤ ስትለቀው ሞላው ይመልሰዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ ወንድሜና የሰፈሩ ልጆች ከበው ሲጫወቱ ያ ሞላ በሳጥኑ ውስጥ ተበጠሰና እንጨቱን ቋ! አደረገው። እኔ ካቻቢቴዬን ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ። ልጆቹ ግን አንድም የቆመ አልነበረም፤ ሁሉም ወለሉ ላይ ተለጥፈዋል። ከመቼው ወደቁ? ማንስ አስተማራቸው? ከውስጥ እናቴ የወንድሜን ስም እየደጋገመች ትጣራለች። «ሞላ ነው እማ፣ ሞላ ነው» አልኳት። ልጆቹ እየተነሱ ጉልበታቸውን አራገፉ፣ ትንሽ ሳቁ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ሄዱ።

ሌላው ነገር ኳሱ ነበር። መሀል ላይ ስታስቀምጠው ቀስ ብሎ ይንከባለልና ወደ ውጭው በር በኩል ይሄዳል። ውሃ በብርጭቆ ሞልቼ ሜዳው ላይ እያስቀመጥኩ ሚዛኑን አየሁ፤ በእግሩ ሥር ካርቶን አጥፌ ከተትኩ። ለጥቂት ቀን ይረጋና ካርቶኑ ሲታመቅ እንደገና ይጀምራል። እናቴ ጆሮዋ ንቁ ነው።

«ወዴት ነው እሱ የሚንከባለለው?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ወደ በሩ።»

«ሁልጊዜ?»

«ወለሉ ነው እማ። ሲሚንቶው ዘቅዝቋል።»

ስታማትብ አየኋት። በማግስቱ የንስሐ አባታችንን አስጠራች።

የንስሐ አባታችን ጠበላቸውን በጆግ ይዘው ሲገቡ ጆተኒውን አዩና ደጃፉ ላይ ቆሙ። «በስመ አብ! እነዚህን ማን ነው በብረት የሰካቸው?» አሉ። የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ቤቱን ዙሪያውን ረጩ፣ ወንድሜን ፊቱን ረጩት። ሲጨርሱ እናቴ ከጓዳ ወጥታ፣ «አባታችን፣ በእሱም ላይ ይርጩልኝ፤ ልጄን የያዘልኝ እሱ ነው» አለቻቸው። እሳቸውም የለመኗቸውን እምቢ አይሉም፤ የቀረውን በሙሉ አፈሰሱበት። ውሃው በዘንጎቹ ወርዶ ሜዳው ላይ ተኛ። እኔ ጨርቅ ይዤ ስሮጥ እናቴ ክንዴን ያዘች።

«ተዪ! ጠበል ይጠረጋል እንዴ? ራሱ ይድረቅ።»

ራሱ ደረቀ። የሜዳው ኮምፔንሳቶ ግን ጠጥቶ አበጠ፤ ዘንጎቹ ሳምንት ሳይሞላቸው ዛጉ። ልጁን እንዲያቆይልን ያስባረክነው ዕቃ መንቀሳቀስ አቃተው። ዘንጉ ሲሳብ ሲጢጥ ይላል፣ መሀል መንገድ ላይ ይነክሳል፤ ኳሱ ያበጠው ላይ ሲደርስ ይቆማል። ወንድሜ አንድ ሁለቴ ይሞክርና እጀታውን በትኖ መስኮቱ ጋ ይሄዳል። መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ መንገዱን ያያል። እዚያ በቆመ ቁጥር እናቴ ከውስጥ «የታለ? ምነው ዝም አለ?» ትላለች። እኔ ደግሞ እንደ እብድ እሠራለሁ።

ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁት። ማለስለሻ ልገዛ ብወጣ ሱቆቹ ባዶ ናቸው፤ መኪና ከመጣ ስንት ጊዜው! ቅቤ ቀባሁት። ጾም ነበር፤ እናቴ ሽታው ሲደርሳት ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመችው። ቅቤውም አቧራ ሰብስቦ ጭራሽ ጭቃ ሆነ። ያን ጠርጌ ስጨርስ እሷው ራሷ ከሳጥኗ ሥር አንድ ፌስታል አውጥታ ሰጠችኝ። ለቤተ ክርስቲያን ያስቀመጠችው ጧፍ ነው።

«ይሄ አይሆንም?»

«እማ፣ ይሄ እኮ የስለት ነው።»

«ስለቱስ ለማን ሆነና? ቀቢው።»

ጧፉን በእጄ አሙቄ ዘንጎቹን አሸሁበት። ሰም የሚገርም ነገር ነው፤ ብረቱ ያለ ድምፅ ይንሸራተት ጀመር። ያበጠውንም ሜዳ ፍቄ አስተካከልኩት። እኔ ተደስቼ ነበር። ቤቱ ግን ፍትሐት እንደተደረገበት ቤት ሸተተኝ፤ ለእናቴም ሸቷት ይሆናል፣ አልተነጋገርንበትም።

ጆተኒው ሲድን ተጫዋቾቹ አልነበሩም። ስለ አንዱ ልጅ ስጠይቅ ወንድሜ «ሄደ» ይለኛል። ስለ ሌላውም «ሄደ።» የት እንደሆነ ስጠይቅ ትከሻውን ይሰብቃል። በመጨረሻ እኔና እሱ ቀረን። ሰማያዊውን ይዤ እገጥመው ጀመር። እየተሸነፍኩም ቢሆን እጫወታለሁ፤ ለድምፁ ስል።

በዚያ ሰሞን ነው ጠዋት እየተነሳ አጠገቤ መቆም የጀመረው። «ይሄ ሮንዴላ ለምንድን ነው? ጧፉን በስንት ቀን ነው የምትቀቢው? ሞላው ቢበጠስ በምን ትተኪዋለሽ?» ይለኛል። ጠይቆ የማያውቅ ልጅ! ካቻቢቴውን ሰጥቼው መሀለኛውን ቀይ ሰውዬ እንዴት እንደሚይዝ አሳየሁት። ለእናቴ «ልጅሽ ሰው ሆነ፤ ሙያ መልመድ ጀመረ» ስላት፣ ሞራ የጋረደውን ዓይኗን ወደ እኔ አዞረች።

አንድ ጠዋት እንደወትሮዬ ካቻቢቴዬን ላነሳ ብል ከቦታው አጣሁት። ጆተኒው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ሰው በጨርቅ ጠርጎታል። የመጀመሪያውን ዘንግ አዞርኩ፤ የሚወዛወዝ የለም። ሁለተኛውንም። መሀለኛውን ቀይ በሁለት ጣቴ ይዤ ነቀነቅሁት፤ እንደ ድንጋይ ቆሟል። ዘንጎቹ ሁሉ ጧፍ ተቀብተዋል። ኳሱን መሀል ላይ አስቀመጥኩት፤ ቀጥ ብሎ ቆመ። ወዴትም አልሄደም።

ጎንበስ ብዬ እግሩን አየሁ። የእኔ ካርቶን ወጥቶ በቦታው ጎማ ገብቷል፤ በቢላ ተቆርጦ ልክ የተደረገ ሰማያዊ ጎማ። ከሶፋው ሥር የተረፈው አለ። የወንድሜ የቤት ነጠላ ጫማ ነው። ሰው የቤት ጫማውን ቆርጦ ለጠረጴዛ እግር የሚያደርገው መቼ እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። መኝታውን ላየው አልሄድኩም። የግቢው ውሻ አልጮኸም ነበር፤ ለቤቱ ልጅ ለምን ብሎ ይጮኻል!

ከጓዳ እናቴ መደቧ ላይ ስትገላበጥ ሰማሁ። ነቅታለች፤ ድምፅ እየጠበቀች ነው። ሳላስበው የቀዩንም የሰማያዊውንም እጀታ ያዝኩና መጫወት ጀመርኩ። ከዚህ መትቼ ወዲያ ዞሬ እመልሳለሁ፤ ጎል ሲገባ ጠረጴዛውን እደበድባለሁ፣ እሱ እንደሚያደርገው። እንባዬ ሜዳው ላይ ይወርዳል።

ከዚያ እናቴ ግድግዳውን እየዳበሰች ወጣች። እኔ እጀታውን ይዤ ቀረሁ። ቀጥ ብላ መጣችና ጠረጴዛውን ዳበሰች።

«ጋቢውን ይዟል?» አለችኝ።

ከበሩ ጀርባ ወዳለው ማንጠልጠያ ዞሬ አየሁ። የለም።

«ይዟል።»

«እሰይ። ይበርዳል።» በጠረጴዛው ጠርዝ እየተመራች ወደ ማዶ፣ እሱ ወደሚቆምበት ዞረች። «የሱ የትኞቹ ናቸው?»

«ቀዮቹ።»

እጇን ወስጄ እጀታው ላይ አስያዝኳት። ጣቶቿ ዘንጉ ላይ የተቀባውን ጧፍ ሲነኩት አሸት አሸት አደረገችውና እጀታውን አጥብቃ ያዘችው።

«በይ ምቺ» አለችኝ። «ቤቱ ጭር አይበልብኝ።»

ኳሱ መሀል ላይ ቆሞ ነበር። መታሁት።