ከሐሰተኛው ማስጠንቀቂያ ጀርባ

አይከል ያለውን የዝናብ መለኪያ ሣጥን የሚጠብቁት አዛውንት የደወሉልኝ ፒያሳ ላይ ከባጃጅ ስወርድ ነበር።

«አንች ልጅ፣ ሣጥንሽ ዛሬም ደርቆ ቀረ። መብራቱ አይርገበገብም።»

«ይቅርታ አያ። ነቅለው መልሰው ይሰኩት።»

«መንቀሉንስ ለመድሁት። ያልለመድሁት ዳገቱን ነው። ምነው፣ እንደኔው አርጅቷል እንዴ?»

ሳቅሁ፤ ግን ደክሞኝ ነበር። በዚያ ሳምንት ዳገቱን ሲወጡ ሦስተኛቸው ነው። ሣጥኑ የማስተርስ የመጀመሪያ ዓመት ሥራዬ ነው። ውስጡ ያለው ኮምፒውተር ከመለኪያው ጋር የሚነጋገርበትን ድራይቨር የተባለ ፕሮግራም የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ድራይቨር ውስጥ ቁልፎች አሉ። ሁለት ሥራዎች አንድን መረጃ እኩል እንዳይነኩ አንዱ ይቆልፋል፣ ሌላው ይጠብቃል። ሁለቱም የየራሳቸውን ቁልፍ ይዘው አንዱ የሌላውን ከጠበቀ ግን ማሽኑ እዚያው ደርቆ ይቀራል። ይህን አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ መርማሪ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ በከርነሉ ውስጥ አለ። የኔ ድራይቨር ገና ሲነሣ «የተያዘ ቁልፍ እንደገና ሊያዝ ነው» ብሎ ጮኸ።

ሐሰት ነበር። መርማሪው ቁልፎችን የሚያውቃቸው በዓይነታቸው እንጂ አንድ በአንድ አይደለም። ኮምፒውተሩን ከመለኪያው የሚያገናኘው ማከፋፈያ ቁልፍና ከሥሩ የተሰካው መለኪያ ቁልፍ አንድ ዓይነት ስለሆኑ አንድ ቁልፍ መሰሉት። ይህን በሦስት ገጽ፣ ከነሥዕሉ አስረድቼ ለአማካሪዬ ሰጠሁ። «ሸጋ ነው፣ አሳምነሽኛል» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ሣጥኑም ወደ አይከል ሄደ።

ከስልኩ በኋላ ቤተ ሙከራ ገብቼ የመርማሪውን መመሪያ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብሁ። ከዚያ አማካሪዬ ቢሮ ሄድሁ።

«ማስጠንቀቂያው ሐሰት ነው ብለሽኝ አልነበር?»

«አሁንም ሐሰት ነው። ግን መርማሪው አንዴ ከጮኸ በኋላ ማሽኑ እንደገና እስኪነሣ ድረስ ሥራውን ያቆማል።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የጠበቀን የለማ።»

ኮዱ ላይ «ይህ የውስጠኛው ቁልፍ ነው» ብዬ ለመርማሪው የምነግርበት አንዲት መስመር ብቻ ጨመርሁ። ሐሰተኛው ጩኸት ጠፋ። ሻዬን ሳልጨርስ ሌላ መጣ፦ ዝናቡን የሚያነበው ሥራና ኃይል የሚቆጥበው ሥራ ሁለት ቁልፎችን በተቃራኒ ቅደም ተከተል ይይዛሉ። ይህም ሐሰት በሆነ ብዬ ሦስት ጊዜ በወረቀት ሣልሁት። እውነት ነበር።

አስተካክዬ፣ ሁለት ቀን ፈትሼ፣ በሚኒባስ አይከል ሄድሁ። ዳገቱን አብረን ወጣን፤ አዲሱን ድራይቨር ጫንሁ። «ከእንግዲህ አይለፉም አያ» አልኋቸው።

በሳምንቱ ስልኬ ላይ ቁጥራቸውን ሳይ ፈጥኜ አነሣሁ።

«ደህና ነው፤ ይርገበገባል» አሉኝ።

«እንዴት አወቁ?»

«ወጥቼ አየሁታ። አንች ደህና ነው ስትይ መቼ አምኜ እቀመጣለሁ!»