እህቴና የመለማመጃው ሳጥን

ሥራዬ፣ ኮድ ሳይጽፉ የስልክ መተግበሪያ መሥራት ለሚያስችል መሣሪያ በኢንተርኔት የሚነበብ የአማርኛ መመሪያ ማዘጋጀት ነው። ጎንደር፣ ቤቴ ሆኜ እሠራለሁ። ለረጅም ጊዜ መመሪያ ማለት ለእኔ ጽሑፍና ሥዕል ብቻ ነበር።

ታላቅ እህቴ ኮሶዬ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። የልጆች ክትባት ሲደርስ ለእናቶች በስልክ መልእክት የሚልክ መተግበሪያ ልሥራ ብላ ተነሣች። መመሪያዬን አንብባ፣ የእናቶቹን ስምና ስልክ ሁሉ አስገባች። ከዚያ ቆመች። ሳምንታት አለፉ።

አንድ እሑድ ቤቷ ሄጄ፣ «እትዬ፣ ምነው ተውሽው?» አልኳት።

«አልተውኩትም። ያልከው ሁሉ ገብቶኛል። ግን ነክቼው ሁሉም ቢጠፋብኝስ? ደግሞ መልእክቱ ያለ ቀኑ ቢሄድስ? ልጇን አዝላ ከቆላ በእግሯ የምትመጣ አለች እኮ።»

መመሪያው «ይህን ይጫኑ» ይላል፤ ተጭኖ መሞከር የሚቻለው ግን እውነተኛው ሥራ ላይ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ለአለቃዬ ጻፍኩለት። በመመሪያው በየገጹ፣ እዚያው መሞከር የሚቻልበት የመለማመጃ ሳጥን እናስገባ፤ ስሞቹ የፈጠራ ይሁኑ፤ የፈለገ ቢነካካ መልእክቱ ለማንም አይደርስም አልኩት። «ገጹ ይከብዳል፤ ኔትወርክ ደካማ በሆነበት አይከፈትም» አለኝ። እውነቱን ነበር። ልሞክር ብዬ የመጀመሪያውን ሳጥን ሠርቼ ስልክላት እህቴ ከኮሶዬ ደውላ፣ «የማየው ነጭ ገጽ ብቻ ነው» አለችኝ። ሥዕሎቹን ከገጹ አወጣሁ፤ ሳጥኑም ሰው ሲጫነው ብቻ እንዲከፈት አደረግሁ።

ሁለተኛውን ስትሞክር አጠገቧ ነበርኩ። ሳጥኑ ተከፈተ። በተጻፈው ቅደም ተከተል ትሄዳለች ብዬ ስጠብቅ፣ እሷ በቀጥታ «ሁሉንም ሰርዝ» የሚለውን ተጫነች። ስሞቹ ጠፉ። ከዚያ «መልስ» የሚለውን ነካች፤ ስሞቹ ተመለሱ። ደግማ ሰረዘች፤ ደግማ መለሰች።

«ለካ ይመለሳል» አለች፤ ትከሻዋ ሲረግብ አየሁት።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ የራሷን መተግበሪያ ጨረሰች። ለሙከራ መጀመሪያ ለራሷ ስልክ፣ ቀጥሎ ለእኔ መልእክት ላከች። እኔም ሌሎቹን ገጾች በዚሁ መንገድ ማስተካከል ጀመርኩ፤ ሥራው ወራት ፈጀብኝ።

በመካከሉ አንድ ቀን ደወለችልኝ። መልእክት የደረሳት አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጥታ፣ «ማን ነው የጻፈልኝ?» ብላ ጠይቃለች።

«እኔ ነኝ ስላት፣ ‹ሸጋ አደረግሽ፤ ረስቼው ነበር› አለችኝ» አለች እህቴ። ወረፋ የያዙ ሰዎች ስለነበሩ ብዙ አላወራንም።