ቀድሜ የጮኽሁበት አውጫጭኝ

ዘንድሮ በስቅለት ዕለት፣ ሕዝቡ «ስቀለው!» ያለበት ሲነበብ፣ አጠገቤ የሚሰግደው ጎልማሳ «እኔ እዚያ በነበርሁ ኖሮ ዝም አልልም ነበር» አለ። ሳቄ መጣ። በስቅለት መሳቅ ነውር ነውና ለመደበቅ ለስግደት ወደቅሁ፤ ለመነሣት ሁለት ሰው አስፈለገኝ። እኔማ በነበርሁ ኖሮ ዝም እንደማልል አውቃለሁ። እጮኽ ነበር፤ ተከሳሹ ማን እንደሆነ የምጠይቀው በኋላ ነው።

ነገሩ የሆነው ጋይንት ውስጥ ነው፤ ያኔ ጎረምሳ ነበርሁ። ሁዳዴ ሊያልቅ ሲል ማኅበራችን ለፋሲካ የገዛው የበግ ሙክት ጠፋ። አውጫጭኝ ተጠራ፤ ሌባው እስኪታወቅ አገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል እንጂ ወደ ቤት መግባት የለም። ንፋሱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ቤቴ ደግሞ የተልባ ፍትፍት እየጠበቀኝ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሆዴ ፈረደ።

«ደምሴ ነው!» አልሁ፣ ከሰው ጀርባ ተደብቄ።

አያ ደምሴ ጎረቤቴ ናቸው፤ ሥጋ ወዳድነታቸውን አገር ያውቀዋል።

«እውነት ነው! ሙክቱን እያየ ምራቁን ሲውጥ አይቼዋለሁ!» አለ አንዱ።

«በሁዳዴ!» አለች ሌላዋ።

ወዲያው ሜዳው «ደምሴ! ደምሴ!» ሆነ።

አውጫጭኙን የሚመሩት ዳኛ አላመኑም። «ምራቅ መዋጥ ስርቆት ነው እንዴ?» አሉ።

«ከማኅበር ይውጣ!» አልን። ከማኅበር የወጣን ሰው በድግስ የሚጠራው፣ ሲሞትም የሚያለቅስለት የለም። ዳኛው ሕዝቡን አዩ፣ ፀሐይዋን አዩ፤ «እንግዲህ ሕዝቡ ካለ...» ብለው ሊፈርዱ ሲሉ የራሳቸው በጎች ከግጦሽ ተመለሱ። ሙክቱ መካከላቸው ነበር።

ያው ሕዝብ ተገለበጠ። «መጀመሪያ ደምሴ ያለው ማነው? እሱ ይውጣ!» ሁሉም ዞሮ ፈለገ። እኔም ዞሬ ፈለግሁ።

አያ ደምሴ ድምፄን አሳምረው ያውቁታል፤ በሬ ስጠምድ ማለዳ በጩኸት የምቀሰቅሳቸው እኔ ነኝ። ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። «ድምፁን አልለየሁትም» አሉ። «በሉ እንግባ፣ ብርዱ ጨረሰን።»

ለንስሐ አባቴ ተናዘዝሁ፤ ለአያ ደምሴ ለመንገር ግን ዕድሜዬን ሙሉ አፈርሁ። ዘንድሮ በፋሲካ ማግስት ቤታቸው ሄድሁ። ጃጅተዋል፤ ጆሯቸው ከድቷቸዋል ይባላል። ተጠግቼ በቀስታ፣ «አያ፣ ያን ዕለት የጮኽሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው።

«ምን አልህ?»

ደገምሁት።

«አልሰማህም ልጄ፤ ጮክ በል።»

በሩ ክፍት ነው፤ ደጁ እንግዳ ሞልቶታል። ሰው በሌላው ላይ ሲጮህ የሚያገኘው ጉልበት፣ በራሱ ላይ ሲሆን ወዴት እንደሚሸሽ አይገባኝም። እንደምንም ጉሮሮዬን ጠርጌ ጮኽሁ። ደጅ ያለው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

አያ ደምሴ የሥጋውን ሳህን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና፣ «የመጀመሪያውንም ሰምቼው ነበር» አሉ።