ከበሮ ያሞቅሁበት ክፍል

መካኒሳ ያለው ቤቴ በስተጀርባው አንዲት የድንጋይ ክፍል አለችው። ፀሐይ አይጎበኛትም፤ በክረምት ግድግዳዋ ያልባል። እርጥበቱ ብራናውን እንዳያበላሽብኝ ብዬ መጻሕፍቴን ካወጣሁባት ቆይቻለሁ። የልጄ ልጅ ግን ገና ስታያት ወደደቻት።

"አባባ፣ ለዝንቦቼ ያከራዩኝ" አለችኝ።

በዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራ ናት፤ የምታጠናውም በበሰለ ሙዝ ላይ የሚያንዣብበውን ትንሹን የፍራፍሬ ዝንብ ነው። የትምህርት ክፍሏ ማቀዝቀዣ ስለተበላሸ፣ ከዝንቦቿ ግማሹን አፋቸው በጥጥ በተወተፈ ትናንሽ ብልቃጦች አድርጋ አመጣቻቸው።

"እኔ ዝንብ ማባረር እንጂ ማስተዳደር አልተማርሁም" አልኋት።

"ምንም አያድርጉላቸው። እሳት ብቻ አያስገቡባቸው።"

ምክንያቱን ጠየቅኋት፤ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። በጎልማሳው ዝንብ ሰውነት ውስጥ፣ ራሳቸውን እየተኩ ሌላ ዓይነት ሕዋስ የሚያፈሩ ግንድ ሕዋሳት አሉ። እያንዳንዱ ሕዋስ ዓይን የሚሠራበትንም ክንፍ የሚሠራበትንም ጂን ሁሉ በውስጡ ይዟል፤ ነገር ግን አንዳንድ ፕሮቲኖች ለዚያ ሕዋስ የማይገባውን ጂን ጠቅልለው ዝም ያሰኙታል። ሕዋሱ ማንነቱን የሚጠብቀው በዚያ ዝምታ ነው። ፕሮቲኖቹ ከጠፉ ዝም ያሉት ጂኖች ይነሣሉ፤ ሕዋሱም ማን እንደነበረ ይረሳል፤ እየተከማቸም እንደ ዕጢ ያብጣል።

እኔም በለመድሁት በኩል ተረዳሁት። "መጽሐፉ ሁሉ በቤተ መቅደስ አለ፤ ዲያቆኑ ግን ግጻዌው ለዕለቱ ያዘዘውን ብቻ ያነባል። ሁሉን ዛሬውኑ ላንብብ ቢል ቅዳሴው ይፈርሳል። እንዲህ ነው?"

"እንዲህ ነው። ፈተና ላይ እንዲህ ብጽፍ ግን ይጥሉኛል።"

"ለመሆኑ ሕዋሳቱን ከየትኛው ብልቱ ነው የምታወጫቸው?"

ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። "ከወንዱ ዝንብ ነው አባባ። ከዚያ በላይ አይጠይቁኝ።" ሁለታችንም ሳቅን።

በዝንቦቹ ውስጥ እርሷ ያኖረችው ትእዛዝ ነበር። ብርድ ላይ ሳሉ ተኝቶ ይቆያል፤ ሙቀት ሲያገኛቸው ይነቃና ያንን ዝም አሰኚ ፕሮቲን ያጠፋዋል። በዩኒቨርሲቲ የቀሩትን ሆን ብላ ታሞቃቸዋለች፤ እኔ ዘንድ ያሉት እንደቀዘቀዙ ይኖራሉ። በመጨረሻ ሁለቱን ወገኖች ታስተያያለች። መመረቋ የቆመው በዚያ ልዩነት ላይ ነበር። "አደራዬን" ብላኝ ወደ ማደሪያዋ ተመለሰች።

የሐምሌ ዝናብ ሳያባራ የደብራችን በዓል ማኅሌት ቀረበ። ቆዳው ገና የተለወጠ ከበሮ ቤቴ ነበር። እርጥበት የጠጣ ቆዳ ድምፁ ይሞታል፤ ፀሐይ ስትጠፋም ፍም ዳር አድርገው ያሞቁታል። የከሰል ሽታ ባለቤቴን ስለሚያስላት ሳሎን ውስጥ ማንደድ አልቻልሁም። የልጂቱን ቃል ዘንግቼው አልነበረም፤ ይህን መሸሸጊያ አላደርገውም። እነዚህ ዝንቦች ናቸው፣ የእግዚአብሔር ምስጋና ይበልጣል ብዬ ከራሴ ጋር ተከራከርሁ፤ ረታሁም። ማንደጃውን ወደ ኋላ ክፍል አስገባሁ፤ እስከ በዓሉም ድረስ በየቀኑ አነደድሁ። ከበሮው በዚያ ማኅሌት እጅግ አማረ። ሊቃውንቱ ሲያመሰግኑኝ ደስ አለኝ።

ልጂቱ ብልቃጦቿን ወስዳ ከሰነበተች በኋላ አንድ ቅዳሜ ዓይኗ ቀልቶ መጣች።

"እርስዎ ጋ የነበሩትም ሕዋሳቸው ማንነቱን ጥሏል። ከሞቁት አይለዩም። ብልቃጦቹን ቀላቅያቸው ነው፣ መምህሬም ያለኝ ይህንኑ ነው። እጄ የማይረባ ነው አባባ።"

በዚያች ቅጽበት የሆነውን ሁሉ ተረዳሁ። አፌንም ከፈትሁ፤ የወጣው ግን "አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል" የሚል ነበር። ቃሉ እውነት ነው፤ እኔ ግን መጋረጃ አደረግሁት።

በማግሥቱ ቅዳሴ ቆሜ ተሰጥኦውን መመለስ አቃተኝ። ሰኞ ረፋዱ ላይ በታክሲ ዩኒቨርሲቲው በር ድረስ ሄጄ አስጠራኋት። ነጭ ጋዎኗን እንደለበሰች ወጣች፤ ባለቤቴ የታመመች መስሏት ደንግጣ ነበር። እዚያው አጥሩ ሥር ነገርኋት።

"ከሰል?"

"ለከበሮው ነው።"

"አንድ ቀን ነው?"

"ሳምንቱን ሁሉ።"

"እንግዲያው አልቀላቀልኳቸውም!" አለች፤ ፊቷ በራ። ወዲያው ግን ጠቆረ። "ቅዳሜ ለምን አልነገሩኝም? ዛሬ ጠዋት ለማራቢያ ያቆየሁትን ዘራቸውን በሙሉ አስወገድኩት እኮ! የተቀላቀለ ዘር አይቀመጥም ብዬ…"

እሳቱ ያጠፋው የአንድ ዙር ሥራ ነበር፤ ያ ከዘሩ እንደገና ሊጀመር ይችል ነበር። ዘሩን ያጠፋው ግን የእኔ ሁለት ቀን ዝም ማለት ነው።

ይቅርታ ልጠይቃት ጎንበስ ስል ክንዴን ይዛ አስቀረችኝ። "ኧረ አባባ፣ ሰው እያየን ነው! ቀና ይበሉ።" መምህሯ ዘንድ ይዛኝ እንድትገባ ለመንኋት። "እኔ እነግራቸዋለሁ" አለች። ምን ብላ እንደነገረቻቸው እስካሁን አላውቅም፤ ጥፋቱን በራሷ ላይ እንዳላደረገችው እርግጠኛ አይደለሁም።

አዲሱ ዘር ከውጭ አገር እስኪላክላት ድረስ ጓደኞቿ ተመረቁ። በምርቃታቸው ቀን አበባ ገዝታ ከእነርሱ ጋር ፎቶ ተነሣች። ዘሩ በደረሰ ጊዜ የኋላዋን ክፍል ጠረግሁ፤ መስኮቷንም አሳደስሁ፤ እስክትጠይቀኝም ጠበቅሁ። ሳትጠይቀኝ ስትቀር እኔው ጀመርሁት።

"ክፍሏ ባዶ ናት" አልኋት።

"አውቃለሁ አባባ። ነፋስ ስልክ፣ ጓደኛዬ ቤት፣ ቦታ አግኝቼላቸዋለሁ።"

ይህን ስትለኝ በፍቅር ነበር፤ ጉልበቴንም ስማ ለመሄድ ተነሣች። እንደ ወትሮው መረቅኋት። "አሜን" ስትል ከድምፅዋ ውስጥ ቂም ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ብታኮርፈኝ ይቀለኝ ነበር።